ዘብ የሌለበት ማቋረጫ

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ፉርጎ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ልጅ ሳለን እጄን ይዞ ወደ መራሁት ሁሉ ስለሚከተለኝ። ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ሙያ አለው፤ ፀጉሩም ከመሀል እየሸሸ ነው። ጠባዩ ግን ያው ነው። የሆነውን ሁሉ «ይሁን» ይላል። ሱቅ ውስጥ ተራውን ሲነጥቁት ይሁን፤ ጎረቤቱ በረንዳውን በራሱ ዕቃ ሲሞላበት ይሁን። እሱ ይሁን ባለ ቁጥር የሚፈላው የእኔ ደም ነው። እናታችን «እግዜር ለሁለታችሁ የሚበቃ ቁጣ ቢልክ፣ አንቺ ጠቅልለሽ ወሰድሽው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ይህን ታሪክ የማወራውም ለዚህ ነው፤ እሱ ቢያወራው ማንም ምንም አልበደላቸውም ብላችሁ ትነሱ ነበር።

ሙያው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪሞቹ የበሽተኛውን ድድ ልክ ወስደው ይልኩለታል። እሱ መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል፤ ይፍቀዋል፤ አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያደረገ ያየዋል፤ ከዚያ ነው ወደ ጠንካራው የሚለውጠው። የሥራ ክፍሉ ከእኔ መጋረጃ ቤት ጀርባ ነው፤ የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። መጋረጃ ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ በር ተሳስቶ እሱ ጋ ከገባ፣ መደርደሪያ ሙሉ መንጋጋ ይቀበለዋል፤ ስንቱ ጮኾ ወጥቶብኛል። ልጁ ግን እጁ የተባረከ ነው። የሰውየው የድሮ ጥርስ ጠማማ ከነበረ፣ አዲሱንም በትንሹ አጣሞ ይሠራዋል። «ለምን አታቃናለትም?» ብዬ ብጠይቀው «ሲስቅ ሚስቱ እንድታውቀው ነዋ» አለኝ።

ከዚህ ሥራ ሲወጣ የሚገባው ሌላ ሥራ ውስጥ ነው። በኮምፒውተር ባቡር የሚነዱበት ጌም አለ፤ ሲሙሌተር ይሉታል። መተኳኮስ የለበት፣ መሯሯጥ የለበት። ነጂው ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፤ ሐዲዱ ፊት ለፊትህ ይመጣል፤ ፍጥነትህንና ፍሬንህን ትጠብቃለህ፤ በቃ። መጀመሪያ ሳየው «አባባ ደሞዝ እየተከፈለው ሲያማርር የኖረውን ሥራ አንተ በነፃ ትሠራዋለህ?» ብዬ ስቄበታለሁ። ቆይቶ ሲገባኝ የወንድሜ ፍቅር መንዳቱ አይደለም። ጌሙ የራስን መስመር መሥራት ይፈቅዳል፤ ሐዲዱን ዘርግተህ፣ ኮረብታውን አንስተህ፣ ጣቢያውን ገንብተህ ሌላው እንዲነዳበት ታካፍላለህ።

እሱ የሠራው የእኛን መስመር ነው። አባባ ጡረታ እስኪወጣ የነዳበትን። እውነተኛው ሐዲድ ተነቅሎ ለቁርጥራጭ ብረት ከተሸጠ ቆይቷል፤ ዛሬ በላዩ ላይ ሲኖትራክ ነው የሚንጎማለልበት። ወንድሜ ግን ከአባባ ትዝታ፣ ከጥቂት አሮጌ ፎቶዎችና ከእኔ ጭቅጭቅ አውጥቶ መልሶ ዘረጋው። የጣቢያው በር ሰማያዊ ነው አረንጓዴ በሚል ብቻ ተኮራርፈን ሰንብተናል። ስንት ዓመት እንደፈጀበት አልቆጠርኩም፤ ሲጀምረው ፀጉሩ ሙሉ ነበር። እየሠራም ከስክሪኑ ላይ ፎቶ እያነሳ፣ ጌሙን የሚወዱ ሰዎች ለተሰባሰቡበት ቡድን ያካፍል ነበር። ድልድዩ ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ የጣቢያውን አግዳሚ ወንበር ከነተሰበረ እግሩ። የማያውቁን ሰዎች «እዚህ ቦታ የተቀመጥኩ ይመስለኛል» እያሉ ይጽፉለታል። እሱም ያንን ለእኔ ለማሳየት መቀሴን አስጥሎ እየጎተተ ይወስደኝ ነበር።

የመስመሩ እምብርት ግን ጣቢያው አይደለም፤ ማቋረጫው ነው። ባቡሩና የመኪናው መንገድ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንዲት ክፍል ነበረች፤ እዚያ ነው ያደግነው። እናታችን የማቋረጫው ዘብ ነበረች። ባቡር ሲመጣ አግዳሚውን ብረት አውርዳ መኪናውን ታስቆማለች፤ መንገዱ ነፃ መሆኑን ለነጂው ለመንገር በቀኝ እጇ አረንጓዴ ጨርቅ ታነሳለች፤ በግራ እጇ የእኔንና የፉርጎን አንገትጌ አንቃ ትይዛለች። ጨርቁ ካልተነሳ ነጂው ቆሞ መጠበቅ አለበት፤ ሕጉ ነው። ነጂውም በበኩሉ አንድ ረጅም ጡሩምባ ይነፋል። አባባ ሲሆን ግን ከረጅሙ በኋላ ሁለት አጭር ይጨምራል። ይህ በመሥሪያ ቤቱ ሕግ ውስጥ የለም፤ የባልና ሚስት ነው። «ማታ ቤት ነኝ» ማለት ነው። ሁለቱ አጭር ካልተሰማ ወዲያኛው ጫፍ ያድራል ማለት ነው፤ እናቴም ሳህኑን አትዘረጋም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጡና በራሱ የሚወርድና የሚወጣ አግዳሚ ተከሉ። ሲጨርሱ አንደኛው መሣሪያውን እየሰበሰበ «እርስዎ ተሰናብተዋል» አላት። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ስንት ዓመት በፀሐይና በዝናብ የቆመች ሴት፣ አንድም ሰው ሳይገጭባት፣ ካቻቪቴ እየጠቀለሉ አሰናበቷት! በማግስቱ እጇ አላስችል ብሏት ጨርቋን ይዛ ወጣች። የአባባ ባቡር መጣ። የዚያን ቀን ከጎኑ ተቆጣጣሪ ተቀምጦ ነበር። አባባ ረጅሙን ነፋ፤ ሁለቱን ሳይነፋ አለፈ። እሷ ባቡሩ ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆማ ጠበቀች። ማታ ሲገባ ማዕዱ ላይ የእሱ ሳህን የለም። «ሁለቱን አልሰማኋቸውማ» አለችው፤ ተነስታም አመጣችለት። ስለዚያ ነገር እስክትሞት ደግማ ትንፍሽ አላለችም፤ እሱም አላለም።

ወንድሜ ማቋረጫውን ሲሠራ እናታችንን መልሶ አቆማት። ጌሙ ውስጥ ከተዘጋጁት የሰው ምስሎች አንዷን ማስቀመጥ ይችል ነበር፤ «እነዚህማ ማንም ናቸው» ብሎ ተዋቸው። ጥርስ በሚቀርጽበት ሰም ክንድ የማታክል አድርጎ ቀረጻት፤ ትንሽ የተንጋደደውን ትከሻዋን ሳይቀር። ከዚያ ዙሪያዋን ፎቶ አንስቶ ወደ ኮምፒውተሩ አስገባት። ሻሿን ቢጫ አደረገው። «ብርቱካናማ ነው!» ብዬ ተሟገትኩ፤ አልሰማኝም። ጡሩምባ ሲነፋ ጨርቁን እንድታነሳ አድርጎ አሰናዳት። መጀመሪያ ያነሳችለት ቀን አባባ መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ከወንድሜ ክፍል አይጠፋም። መስመሩን ይነዳል፤ ማቋረጫው ጋ ሲደርስ አንድ ረጅም ሁለት አጭር ይነፋል፤ ጨርቁ ይነሳል፤ ያልፋል። የቀኑ መድኃኒቱ ይህ ሆነ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር መጣሁ። ቡድኑን የሚመራው ሰውዬ አለ፤ ሁሉም «ሊቀመንበሩ» ይሉታል፤ በድምፁ እንጂ በመልኩ አናውቀውም። መስመራችሁን ወደ ቡድኑ ግምጃ ቤት አስገቡ፣ እኛ እንጠብቅላችኋለን፣ ለሁሉም እናዳርሳለን አለ። ደንባቸው ታዲያ፣ ያስገባ ሰው የማስተካከያውን ሥልጣንም አብሮ ያስረክባል። ፉርጎ «ይሁን» ብሎ አስረከበ። ከዚያም የባሰ ሠራ፤ የኮምፒውተሩ ማስቀመጫ ሞልቶበት ስለነበር፣ ግምጃ ቤት ካለ ምን ያደርግልኛል ብሎ የራሱን ቅጂ አጠፋው። ሰው የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤት ይሰጣል፤ ግን ከነመለዋወጫው?

አንድ ከሰዓት አባባ ሲነዳ ነበር። እኔ የተሰፋ መጋረጃ እየተኮስኩ በግድግዳው ውስጥ ጡሩምባውን ሰማሁ፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ከዚያ ጸጥ አለ። ብዙ ጊዜ «ጎሽ» የሚል የአባባ ድምፅ ይከተል ነበር። ካውያውን አስቀምጬ ገባሁ። ስክሪኑ ላይ ማቋረጫው አለ፤ ክፍሏ የለችም፤ እናቴ የለችም። በቦታዋ ቀይና ነጭ የተቀባ፣ በራሱ የሚወርድ አግዳሚ ቆሟል።

አባባ ዞሮ ወንድሜን «እናትህስ?» አለው።

ወንድሜ ይህን ያንን ሲነካካ ቆየ። ለካስ ቡድኑ መስመሩን «አሻሽሎ» ኖሯል፤ ማሻሻያውም ሳይጠይቅ በራሱ ጊዜ ገብቶ የነበረውን ሽሮታል። መግቢያው ላይ የነበረው የወንድሜ ስም ተነስቶ «በቡድናችን የተሠራ» ይላል።

«አነሷት፣ አባባ» አለ።

አባባ እጁን ከመንጃው ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መንዳቱን ተወ።

ወንድሜ በትሕትና ጻፈ። እኔ ብሆን ምን ብዬ እንደምጽፍ ተዉት። ሊቀመንበሩ መለሰ፦ «ወንድሜ፣ ሥራህ ግሩም ነው። ሴትዮዋ ግን ለሐዲዱ ከሚገባው በላይ የተጠጋች ዕቃ ሆና ስለተገኘች በደንባችን መሠረት ተነስታለች። ምስሏም ከግምጃ ቤቱ ተወግዷል። ዘመናዊ አግዳሚ መግባቱ ለጥራት ነው።»

«ዕቃ!» አልኩ። «እናቴን ነው ዕቃ ያላት?»

«እትዬ፣ በጌሙ ውስጥ ዛፉም ቤቱም ሰውም ዕቃ ነው የሚባለው።»

«እንግዲያው እሱም ዕቃ ነው በለው! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የናቁት አንተን ነው። ገና ሲነኩህ ይሁን ትላለህ!»

«እሑድ የጋራ ጉዞ አለ። ከዚያ በኋላ እንደገና እጠይቃቸዋለሁ።»

ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ በዚያች ሰዓት ከሊቀመንበሩ ይልቅ ማነቅ የሚያሰኘኝ ወንድሜን ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ኮምፒውተሩን በጥፊ ብዬው ወጣሁ። እጄን አመመኝ።

የጋራ ጉዞ የሚሉት ብዙ ነጂዎች በየቤታቸው ሆነው በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው የሚነዱበት ነው። ሌላው ሰው በቀጥታ ያያል፤ ሊቀመንበሩ በድምፅ ይመራል። ልማዳቸው ደግሞ መሪውን ባቡር መስመሩን ለሠራው መስጠት ነው። ስሙን ፍቀውት ሲያበቁ መሪነቱን ሰጡት፤ ከአንገት በላይ ማለት ይሄ ነው። እሑድ ከምሳ በኋላ ወንድሜ ወንበሩን ሲያስተካክል፣ አባባ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ገባ።

«ዛሬ እኔ ልንዳ» አለ።

«ይሁን» አለ ወንድሜ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ አላናደደኝም።

ጉዞው ተጀመረ። ከድምፅ ማጉያው ሊቀመንበሩ ያስተዋውቃል፤ ቡድናችን ይህን ሠራ፣ ቡድናችን ያንን አሳመረ። እኔ ጥግ ይዤ ጥርሴን አፋጫለሁ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉትም ጥርሶች አብረውኝ የሚያፋጩ ይመስላሉ። አባባ ግን እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ድልድዩን አለፈ። ጣቢያውን አለፈ። መታጠፊያው ጋ ፍጥነቱን ቀነሰ። ማቋረጫው ታየ። አንድ ረጅም ነፋ።

አግዳሚው በራሱ ወረደ። መብራቱ እለፍ ይላል። አባባ ፍሬኑን ያዘው፤ ባቡሩ እያቃሰተ ቆመ።

መስመሩ ነጠላ ነው፤ መተላለፊያ የለውም። ከኋላ ያሉት በየተራ ፍሬን ያዙ፤ አንዱ ዘንግቶት ነው መሰለኝ መጥቶ የፊተኛውን ተላተመው። ድምፅ ማጉያው ተንጫጫ። «መሪው ምን ሆነ?» «ተበላሸ እንዴ?»

«መሪ ባቡር፣ መንገዱ ክፍት ነው፤ ይቀጥሉ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ዘቧ የለችም» አለ አባባ።

«የቷ ዘብ?»

«የማቋረጫዋ።»

«አባቴ፣ እዚያ ዘብ የለም እኮ። አውቶማቲክ ነው።»

«ነበረች። እናንተ አነሳችኋት። እስክትመለስ አልንቀሳቀስም። ዘብ ሳያሳልፍ አይታለፍም፤ እኔ የማውቀው ሕግ ይሄ ነው።»

ከዚያ ሊቀመንበሩ ድምፁን ለስለስ አደረገ፤ ለእኔ ከስድብ ይብሳል ያ ድምፁ። «ወንድሜ፣ እዚያ አለህ? ሰውዬውን ከወንበሩ አንሳልንና አንተ ንዳ። ስንት ሰው እያየን ነው።»

አባባ ዞሮ ወንድሜን አላየውም። እጁ ፍሬኑ ላይ ነው። እኔ ወንድሜን አየሁት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያቺን ቃል አስቀድሜ ሰማኋት።

«አይሆንም» አለ።

«ምን አልክ?»

«አላነሳውም። እናንተ የምታነሱት አይበቃችሁም?» ወደ ድምፅ ማስተላለፊያው ጠጋ አለ። «እዚያ የነበረችው እናቴ ናት። ከሐዲዱ ተጠግታ የቆመችው እንጀራዋ ስለሆነ ነው። ያንን መስመር ሁሉ የዘረጋሁት እሷን የማቆምበት ቦታ ለማግኘት ነው። ሌላውን ውሰዱት፤ እሷን መልሱ።»

እኔ፣ ለሁለት የሚበቃ ቁጣ ጠቅልዬ የወሰድኩት ሴት፣ ከጥጌ ወጥቼ ከኋላው ቆምኩ።

«አዝናለሁ» አለ ሊቀመንበሩ፤ «ደንብ ደንብ ነው።» ወዲያው ስክሪኑ ጠቆረ። መሀሉ ላይ በነጭ ፊደል «ከቡድኑ ተሰናብተዋል» የሚል ወጣ።

አባባ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ ጠጋ ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበው። «ያኔም እሷን እንዲህ ነው ያሏት» አለ። ቆየት ብሎም «ያኔ ግን እኔ አለፍኩ» አለ።

ፉርጎ እጁን አባባ ትከሻ ላይ አኖረ፤ እኔ ሻይ ላፈላ ብዬ ወጥቼ ጓዳ ውስጥ አለቀስኩ። አዎ፣ በንዴት ነው፤ ሌላም ነበረበት።

በማግስቱ የመልእክት መዓት ጎረፈ። «በጣም አሳዘናችሁን» ይላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ትናንት በየባቡራችሁ ውስጥ ተቀምጣችሁ ስትሰሙ ምላሳችሁን ምን በላው? ሊቀመንበሩም ጉዞው «በቴክኒክ ችግር» መቋረጡን ጠቅሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከእኛ በቀር ሁሉንም።

ወንድሜ መልስ አልጻፈም። የሥራ ክፍሉን የታችኛውን መሳቢያ ሳበና ከድድ ልኮች መሀል በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የሰሟ እናቴ ናት። አንድ ጣቷ ተሰብሮ ነበር፤ በጥርስ መሥሪያው የላምባ ነበልባል አለስልሶ ቀጠለላት፤ ዙሪያዋንም እንደገና ፎቶ አነሳት። ለመንዳት ያወረደው የቡድኑ ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ ቀርቶ ነበር፤ እሱን በአዲስ ስም ገልብጦ፣ በየከሰዓቱ እየተቀመጠ ያንን ቀይና ነጭ አግዳሚ ነቀለ፤ ክፍላችንን እንደገና ገነባ፤ መጋረጃዋን ሳይቀር። ሻሿን በዚህኛው ጊዜ ብርቱካናማ አደረገው። «አየህ!» አልኩት። «አንቺ ዝም እንድትዪ ነው» አለኝ። እውነትም ጠባዩ ተለውጧል።

ሲጨርስ ለማንም ግምጃ ቤት ሳያስረክብ በራሱ ስም አወጣው። መግቢያው ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈበት፦ «ይህን መስመር የፈለገ ሁሉ ይንዳበት። ማቋረጫው ላይ የቆመችውን ሴት ማንሳት የሚፈልግ ግን አስቀድሞ እህቴን ያናግር።» እስካሁን የመጣ የለም። እየጠበቅኩ ነው።

ለማንም ከማካፈሉ በፊት ግን አባባን ጠራው። እኔም መቀሴን ጥዬ ገባሁ። አባባ ድልድዩን አለፈ፤ ጣቢያውን አለፈ፤ መታጠፊያው ጋ ቀነሰ። ረጅሙን ነፋ። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱን አጭር ጨመረ። እናቴ ከክፍሏ ደጃፍ ላይ፣ ትከሻዋን እንዳጋደለች፣ ጨርቁን ከፍ አደረገችው።

አባባ ፍሬኑን ያዘ። ባቡሩ እየተጎተተ ሄዶ ልክ እሷ አጠገብ ቆመ።

አንዳች ነገር የተበላሸ መስሎኝ ደነገጥኩ። «አባባ፣ አንስታልሃለች እኮ፤ እለፍ እያለችህ ነው» አልኩት።

«አይቻለሁ፣ ልጄ» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ እያለፍኳት ነው የሄድኩት። ትንሽ ልቁም።»

ከኋላው የሚመጣ ባቡር አልነበረም።